ከውሃው በፊት ወይስ ከውሃው በኋላ? የወንጀል ሕጉን ኒሯቅ ላይ ማንበብ

ከዋግ ዋና ከተማ ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ አበርገሌ ሲወረድ ደጋው ከኋላ ይቀራል፣ ሙቀቱ ፊት ለፊት ይመጣል። ኒሯቅ የዚህ ቆላ ወረዳ ከተማ ናት። ከወረዳው ጠርዝ የተከዜ ግድብ ያቆመው ውሃ ተንጣሎ ይታያል። ግድቡ የተመረቀው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ነው፤ ውሃው ግን ከምረቃው ቀደም ብሎ መጠራቀም ጀምሮ ነበር። የልደት ወረቀት በሌለበት አገር ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው እንዲህ ባለ ነገር ነው፤ በድርቁ፣ በአንበጣው፣ በጦርነቱ፣ በውሃው።

አንድ አባት ልጁን ሊድር ነው ተብሎ ወረዳ ተጠርቷል እንበል። በትሩን ከበሩ ጥግ አስደግፎ ከጠረጴዛው ፊት ቆሟል።

«አባቴ፣ ልጅቱ ዕድሜዋ ስንት ነው?» ትለዋለች ወጣቷ ዐቃቤ ሕግ።

«ደርሳለች፣ ልጄ።»

«መቼ ተወለደች?»

«ውሃው ከመምጣቱ በፊት ነው።»

የልጅቱ መምህር ከጎን ሆኖ አላስችል ይለዋል። «ከውሃው በፊት የተወለደው ታላቅ ወንድሟ ነው። እሷማ ውሃው ሞልቶ ነው።»

ከውሃው በፊት ከሆነ ሰርጉ ሰርግ ነው። ከውሃው በኋላ ከሆነ ሰርጉ ወንጀል ነው። አዲስ አበባ ላይ የተጻፈ አንድ የሕግ አንቀጽ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የምዳስሰው ሥራ ያ ሕግ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ያጸደቀው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414። ሙሉውን አላየውም፤ ለዚህ ዓምድ ይሰፋል። የማነበው ምክር ቤቱ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ብሎ የሰየመውን ምዕራፍ፣ ከአንቀጽ 561 እስከ 570 ያለውን፣ እና ከዚያ ምዕራፍ ውጭ ተበትነው የቀሩትን ሁለት ዘመዶቹን ነው፦ ጠለፋን የሚቀጣውን 587ን እና ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚቀጣውን 648ን። ሕግን እንደ ጽሑፍ መገምገም ባንለምድም፣ ሕግ የተጻፈ ነገር ነው። ደራሲው ምክር ቤቱ ነው። ቃል መርጧል፣ ቅደም ተከተል አውጥቷል፣ አንዱን በዝርዝር ሌላውን በጥቅሉ ተናግሯል። የመረጠው ሁሉ ደግሞ ኒሯቅ ላይ የሚያመጣው ውጤት አለ።

ከመልካሙ ልጀምር፤ መልካሙ ብዙ ነው። አንቀጽ 561 በሕጉ ውስጥ ካሉት ድንጋጌዎች ሁሉ ለቤታችን የቀረበው ነው። ነፍሰ ጡርን ሆዷን ማሸት፣ ምጥ የጠናባትን ሴት መናጥ፣ የተወለደን ሕጻን እትብት እበት መቀባት፣ ሕጻኑን ከፀሐይ መሸሸግና ቅቤ ማዋጥ፣ እንጥል መቁረጥ፣ የወተት ጥርስ ማውጣት፣ ልጅን ከክትባት መከልከል፤ ሕጉ እነዚህን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል። የወንጀል ሕግ እንዲህ ወደ ጓዳ ገብቶ ቅቤና እበት ሲጠራ በአገራችን ብዙ ያልታየ ነው። ከዚህ ቀደም የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቁ የስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ የዣን ግራቨን ሥራ ነበር፤ በሥርዓቱ የተመሰገነ ሕግ ቢሆንም የዋግን ጓዳ አያውቀውም። የ1996ቱ ያውቀዋል። አንዲት የአበርገሌ አዋላጅ ይህ አንቀጽ ቢነበብላት የሰፈሯን ነገር እየሰማች እንደሆነ ወዲያው ትረዳለች።

ሁለተኛው መልካም ነገር አንቀጽ 587 ውስጥ ያለች አንዲት ንዑስ አንቀጽ ናት። በአሮጌው ሕግ ሴት የጠለፈ ሰው ቅጣቱ ቢበዛ 3 ዓመት ነበር፤ የተጠለፈችው ልጅ «ፈቅዳ» ጠላፊዋን ካገባች ደግሞ ክሱ ከነጭራሹ ይቀር ነበር። ይህ በገጠር ምን ማለት እንደነበር ለማንም መንገር አያስፈልግም። ልጅቱ ትጠለፋለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ማጫ ይቆረጣል፣ ቤተሰቡ ይታረቃል፤ ፖሊስ ሲመጣ «ተጋብተናል» ይባላል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ሕጉ ራሱ ለጠላፊው የመውጫ በር ከፍቶለት ነበር። አዲሱ ሕግ ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አድርጎ፣ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ጻፈ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር የስንት መቶ ዓመት በር ተዘጋ። እኔ ምክር ቤቱ ከጻፋቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ይህቺን እመርጣለሁ።

ይህች ዓረፍተ ነገር በነፃ አልተገኘችም። በ1980ዎቹ ማብቂያ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎም ነፃ ወጣች። ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተባለው ፊልም ለዓለም ታየ። ማኅበሩ ግን ከፊልሙ ብዙ ዓመት ቀድሞ ጉዳዩን ወደ ሕግ ማውጣት ወስዶት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ከዚያም የወንጀል ሕጉ ሲረቀቁ ግፊቱ አልተቋረጠም። ያን ሕግ ያጸደቀው ምክር ቤት ውስጥ ሴቶች ከ547ቱ መቀመጫ 42 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 8 እንኳ አይሞሉም። ጥቂቶች ሆነው ይህን ያህል አስጽፈዋል። ይህን ቁጥር ልብ ይበሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ።

አበርገሌ በፍየሉ ይታወቃል። የአበርገሌ ፍየል የሚባል ራሱን የቻለ ዝርያ አለ። በዚህ ቆላ እህል ሲከዳ ፍየል ነው ሰውን የሚያሻግረው፤ ፍየል የባንክ ደብተር ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ማጫም ነው። እንግዲህ በዚሁ በወንጀል ሕጉ ፍየልና ልጅ እንዴት እንደተመዘኑ ይመልከቱ። ፍየል የሰረቀ ሰው በአንቀጽ 665 በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደትም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። እንጥል ቆርጦ ሕጻን የገደለ ሰው ግን በአንቀጽ 561 የሚጠብቀው መቀጮ ወይም ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ሴት ልጅ የገረዘ ሰው በአንቀጽ 565 ከ3 ወር የማያንስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ500 ብር የማያንስ መቀጮ።

500 ብር። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር፤ 500 ብር ለአንድ ገበሬ ቤት የሚያናጋ ገንዘብ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው። ያ 500 ብር ዛሬ ገበያ ቢወጣ አንዲት ፍየል አይገዛም። ዳኛው ከፈለገ ከዚህ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ይሁንና በሕጉ ጠቅላላ ክፍል ለግለሰብ የተቀመጠው መደበኛ የመቀጮ ጣሪያ ራሱ 10,000 ብር ነው፣ እሱም እንደዚያው ቆሟል። ብር ሲረክስ የልጅቱ ገላ አብሮ ረከሰ ማለት ነው። ይህን ለማስተካከል ምክር ቤቱ አንድ አጭር ማሻሻያ ይበቃው ነበር። ሃያ ዓመት አለፈው።

ለዚህ መለስተኛነት ምክንያት እንደነበረው አልክድም። እንጥል የሚያስቆርጥ ወላጅ ልጁን ሊያድን ነው የሚሮጠው። ልጁ አንቆት ሊሞት ነው ብሎ ነው፤ ክፋት በልቡ የለም። ስለዚህ ሕጉ በአንቀጽ 563 ዳኛው የሰውየውን ግንዛቤ አይቶ በቃል ማስጠንቀቂያ ብቻ ሊያልፈው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ በ569ም በድርጊቱ የተካፈለ ወላጅ ከ3 ወር ያልበለጠ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር ያልበለጠ መቀጮ ይበቃዋል ይላል። ለእናትና ለአባት ይህ ርኅራኄ ትክክል ነው፤ ልጇን የቀበረች እናት በእስር ቤት ምን ትማራለች? ጥያቄዬ ስለ ቆራጩ ነው። በየሰፈሩ እየዞረ ምላጭ ይዞ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው፣ ትናንት የአንዱ ልጅ በእጁ ሞቶበት ዛሬ ወደ ሌላው ደጅ የሚሄድ ሰው፣ ቅጣቱ ለምን በ1 ዓመት ቀላል እስራት ይቆማል? ሕጉ ለወላጅ የተገባውን ርኅራኄ ለባለ ምላጩም አካፈለው። ከግርዛት አልፎ ለመስፋት ቅጣቱን ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ጉዳት ከደረሰም ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደረገው አንቀጽ 566 እንደሚያሳየው፣ ምክር ቤቱ መክበድ ሲፈልግ ይከብዳል።

ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን ሰርጉ የሚያስገኘው ቅናሽ ነው። እዚህ ላይ ሦስት አንቀጾችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠይቃል። አንድ ሰው ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የግብረ ሥጋ ድርጊት ቢፈጽም በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ልጅቱ ከ13 በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት። ያው ሰው ያቺኑ ልጅ ዳስ ጥሎ፣ ሚዜ አቁሞ፣ ጠላ አስጠምቆ ቢያገባት ግን በአንቀጽ 648 ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነችም እስከ 7 ዓመት ነው። ልጅቱ ያችው፣ ሌሊቱም ያው። ለውጡ ዳሱ ነው። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 ራሱ «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ገደብ ስላለበት ልጅቱ በዚያም በኩል ከለላ አታገኝም። ዐቃቤ ሕግ 648ን ከ626 ጋር ደርቦ መክሰስ ይችላል ብሎ የሚከራከር የሕግ ባለሙያ ይኖራል፤ ክርክሩንም እደግፋለሁ። ግን ሕግ አውጪው በሁለት መስመር ሊዘጋው የሚችለውን ቀዳዳ ለምን ለአንዲት የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ብልሃት ይተወዋል? ምክር ቤቱ በ587 ላይ ጋብቻ ወንጀልን አያጥብም ብሎ በጻፈበት እጁ በ648 ላይ ጋብቻ ወንጀልን ያቀላል ብሎ ጽፏል። እነዚህ ሁለት አንቀጾች እርስ በርሳቸው ተነጋግረው አያውቁም።

የአቀማመጡም ነገር አለ። 648 ያለው በጎጂ ልማዶች ምዕራፍ ውስጥ ሳይሆን ሩቅ፣ በቤተሰብ ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ጋር ነው። ቦታው ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ያደርጋል። ወላጅን በስሙ ጠርቶ የሚቀጣው 569 «በዚህ ምዕራፍ» ለተዘረዘሩት ወንጀሎች ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ልጁን ያስገረዘ አባት በሕጉ ውስጥ ስሙ አለ፤ ልጁን በ14 ዓመቷ የዳረ አባት ግን የለም። 648 የሚናገረው ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ ስለፈጸመው ሰው ነው። ወላጅን ለመያዝ በአነሳሽነትና በአባሪነት ጠቅላላ ድንጋጌዎች መዞር ያስፈልጋል። ሙሽራው ብዙ ጊዜ ራሱ በወላጅ ምርጫ የሚዳር ጎረምሳ ነው፤ የተስማሙት፣ ማጫውን የቆጠሩት፣ ቀኑን የቆረጡት ሁለቱ አባቶች ናቸው። 561 ላይ እትብትና እበት የቆጠረው ደራሲ 648 ላይ ሲደርስ ማን ከማን ጋር እንደሚዋዋል የማያውቅ ሰው ይመስላል።

ለአባቱም ልናገርለት የሚገባ አለ። ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ ትሄዳለች፤ በመንገድ ጠላፊ አለ። ዝናቡ በየዓመቱ ያስፈራራል። ቀድሞ መዳር ለእሱ ልጁን ከጠላፊ፣ ቤቱን ከውርደት፣ አንድ አፍን ከረሃብ ማውጣት ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የሕጻናትን መቀንጨር በ2030 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለማስቆም ታውጆ የዋግን ዋና ከተማ ስም ሲሸከም፣ ይህች ልጅ ውስጡ ነበረች። በ15 ዓመቷ የምትወልድ ልጅ ገና የራሷ ገላ አልጠና፤ የምትወልደውን ከምን ታሳድገዋለች? ሕጉ ግን አባቱን «ለምን?» ብሎ አይጠይቀውም። የሚጠይቀው «ስንት ዓመቷ ነው?» ብቻ ነው።

እዚያ ጥያቄ ላይ ደግሞ ሁሉ ነገር ይፈርሳል። 18 የሚለውን ቁጥር የያዘው የአማራ ክልል ምክር ቤት ባሕር ዳር ላይ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ያወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15 ዓመቷ ታገባ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ዕድሜን የወንጀል መለኪያ ሲያደርግ ዕድሜን የሚመዘግብ አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ የወንጀል ሕጉ ከጸና 11 ዓመት ካለፈ በኋላ። አዋጁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ከዚያ በፊት የተወለደች ልጅ ዕድሜዋን ማን ይመሰክራል? የክርስትና አባት፣ የጎረቤት አሮጊት፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ጥርሷን አይቶ በግምት። ግምቱ በአንድ ዓመት ሲዛነፍ ሰውየው ወይ ታሳሪ ወይ ሙሽራ ነው። ምክር ቤቱ ፍርዱን በቁጥር ላይ አንጠለጠለና ቁጥሩን መጻፍ ረሳ። ይህ ኒሯቅን ብቻ የሚነካ ጉድለት አይደለም፤ ኒሯቅ ላይ ግን እርቃኑን ይታያል።

ሌላም አለ። ሕጉ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ይወጣል፣ ሲለያዩ አማርኛው ይጸናል። በአበርገሌ ብዙ ቤት የሚነገረው ኽምጣኛ ነው፣ ትግርኛም አለ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢሆን «ለአካለ መጠን ያልደረሰች» የሚለውን የፍርድ ቤት አማርኛ በአባቶቹ አነጋገር ሊረዳው ይችላል፤ «ደርሳለች» ማለት ለእሱ ገላዋ ሞልቷል ማለት ነው። አባቱ ለዐቃቤ ሕጓ የመለሰው መልስ ውሸት አልነበረም። ሁለቱ የተነጋገሩት በአንድ ቃል፣ ግን በሁለት ሕግ ነው። የኽምራ ብሔረሰብ በሰቆጣ የራሱ ምክር ቤት አለው። የወንጀል ሕግ ማውጣት ሥልጣኑ አይደለም፤ ቋንቋውንና ባህሉን ማሳደግ ግን ሥራው ነው። ይህ ምዕራፍ በኽምጣኛ ተጽፎ፣ «መድረስ» የሚለው ቃል በኽምጣኛ ምን እንደሆነ በዚያ ምክር ቤት ወለል ላይ ቢከራከሩበት፣ ከማንኛውም የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ የሚበልጥ ሥራ ይሆን ነበር። አንዲት ልጅ ሦስት ምክር ቤት አላት፦ ቅጣቱን የሚያወጣው አዲስ አበባ፣ ዕድሜዋን የሚወስነው ባሕር ዳር፣ ቃሏን የሚያውቀው ሰቆጣ። ሦስቱ ስለ እሷ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ምናለ።

ስለ ክርክሩ ካነሳን፣ የምክር ቤት ሥራ ሕጉን ማጽደቅ ብቻ አይደለም። ረቂቁ ለመጀመሪያ ንባብ ይቀርባል፣ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ መድረክ ተከፍቶ አስተያየት ይሰማል፣ ለሁለተኛ ንባብ ተመልሶ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚህ ሕግ ድንጋጌዎች መካከል ብዙ ክርክር ካስነሱት አንዱ ፅንስ ማቋረጥን የሚመለከተው 551 ነበር፤ ሃይማኖትም፣ ሕክምናም፣ የሴቶች መብትም ተፋጭተውበታል። የተፋጨ አንቀጽ ደግሞ ስሎ ይወጣል፤ 551 በምን በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድ አንድ በአንድ የተለየ ነው። 648 ላይ እንዲህ ያለ ፍጭት አይታየኝም። ያለ ዕድሜ ጋብቻ መጥፎ ነው የማይል ማንም ስለሌለ ማንም አልተከራከረበትም፤ ክርክር ያጣ አንቀጽም እንደዚያው ደነዘ።

ምክር ቤቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ወንጀል ሕጉ አልተመለሰም ማለት ደግሞ አይቻልም። በ2007 ዓ.ም. ሙስናን ነቅሎ በራሱ አዋጅ፣ በቁጥር 881፣ አቆመው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግር አዋጅን፣ ቁጥር 1185ን፣ 23 አባላት ተቃውመውት፣ 2 ድምፅ ተአቅቦ ተመዝግቦበት አጸደቀ፤ በዚያ አዋጅ የጥላቻ ንግግር መቀጮ እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የሚያስቸግረውን ሲያይ መመለስ ያውቃል፤ ገንዘቡ ምን ያህል እንደረከሰም ያውቃል። በ2013ቱ ምርጫ የገቡት ሴቶች ከመቶ 40 አልፈዋል። ከመቶ 8 ያልሞሉት ያስጻፉትን ምዕራፍ ከመቶ 40 ያለፉት አንድ ቀን እንኳ ገልጠው «500 ብር ዛሬ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቅ አለባቸው። ይህን የምለው በቁጣ ነው፤ ቁጣዬም ከአክብሮት የመጣ ነው፣ ከእነሱ የምጠብቀው ብዙ ስለሆነ።

ጋምቢያን ተመልከቱ። የግርዛት ክልከላዋን በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አወጣች። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ክልከላውን የሚሽር ረቂቅ ለፓርላማዋ ቀርቦ 42 ለ4 በሆነ ድምፅ ወደ ኮሚቴ አለፈ። ሕጉ ሊሞት ነው ተባለ። ከዚያ ሐኪሞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የተገረዙ ሴቶች ራሳቸው ቀርበው ተናገሩ፤ በሐምሌ ረቂቁ ወደቀ። ያ ሕግ ዛሬ በሕይወት ያለው ተከራክረውበት ስለቆመ ነው። የእኛ ሕግ ማንም ሊሽረው አልመጣም፤ ማንም ሊያድሰውም አልመጣም።

ምንም አልተለወጠም አልልም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገራችን ሴቶች የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 80፣ በ1997 ከመቶ 74፣ በ2008 ከመቶ 65 ነበሩ። መውረዱ ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም ጀምሯል፤ ስለዚህ ምስጋናው ለመምህራን፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለእናቶች ራሳቸው ጭምር ነው። በ2008ቱ ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት መካከል ከመቶ 40ዎቹ ከ18 ዓመታቸው በፊት፣ ከመቶ 14ቱ ከ15 በፊት ተድረዋል። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሁለቱንም በ2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቆማለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ቀኑ አልፏል።

አበርገሌ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት የራሱ ቀን መጣበት። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ወደ ሰቆጣና ወደ ወለህ መጠለያ ተሰደደ። ፍርድ ቤት በሌለበት፣ ፖሊስ በሌለበት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት አንቀጽ 648 ማን ይዞት ይዞራል? በመጠለያ ሸራ ሥር ያለች የ14 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጭንቀት በቀር ጠባቂ የላትም፤ የአባቷ ጭንቀት ደግሞ ወዴት እንደሚወስዳት እናውቃለን። ሕግ አውጪው ስለ ሰላም ጊዜ ብቻ የጻፈውን ሕግ በክፉ ቀን የሚተካው ምንም ነገር አላዘጋጀም። ስለ ሽብር፣ ስለ ሙስና፣ ስለ ጥላቻ ንግግር ሲያስብ አስቸኳይ የሆነበትን ያህል ስለዚህች ልጅ አልቸኮለም።

ወደ ወረዳው ቢሮ ልመለስ። አባቱ በትሩን አንስቶ መልሶ አስደግፏል። መምህሩ ይዞት የመጣውን የስም መጥሪያ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፤ ከጦርነቱ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ባለ የመምህር ጽሕፈት ሰፍሯል። ዐቃቤ ሕጓ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ወደ መጨረሻው ዓምድ ትሄዳለች፣ ከዚያ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞረዋለች። ዕድሜ ከሚለው ሥር ያለው ቁጥር የተጻፈው በእርሳስ ነው።